ከጠፍር አልጋ እስከ ሰው ሠራሽ እግር፦ የካርቱም ራስን መርጃ ዕቃዎች ታሪክ

አካሉ የደከመ ወይም የጎደለ ሰው የሌላ ሰው እጅ ሳይጠብቅ እንዲታጠብ፣ እንዲለብስ፣ እንዲበላ፣ ከአልጋው እንዲነሳና እንዲጸዳዳ የሚያግዙ ዕቃዎች በካርቱም ከሁለት ቦታ ይመጣሉ። አንደኛው ቤት ነው። ጠፍር አልጋው፣ በርጩማው፣ ምርኩዙና የመታጠቢያ ማንቆርቆሪያው ሆስፒታል ከመታወቁ በፊትም ነበሩ። ሁለተኛው ወርክሾፕ ነው። ሰው ሠራሽ እግር፣ የእግር ድጋፍና ክራንች የሚሠራበት ይህ ቦታ የተስፋፋው በ20ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ሲሆን፣ ያስፋፉትም ጦርነትና በሽታ ናቸው። ስለ ወርክሾፑ ብዙ ሪፖርት ተጽፏል። ስለ ቤቱ ዕቃ የሚጽፉት የባህል አጥኚዎች ብቻ ሲሆኑ፣ እነሱም የሚያዩት ጌጡን እንጂ ለደካማ የሚሰጠውን ጥቅም አይደለም።

ራስን መንከባከብ የሚባለው ሥራ የትኛው እንደሆነ በሕክምና ተለይቶ የተጻፈው ቆየት ብሎ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ሲድኒ ካትዝ ከባልደረቦቻቸው ጋር በክሊቭላንድ ከተማ የዳሌ አጥንታቸው የተሰበረ አረጋውያንን ሲከታተሉ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ1963 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ባሳተሙት ጽሑፍ ስድስት ነገሮችን ዘረዘሩ፦ ገላ መታጠብ፣ መልበስ፣ መጸዳጃ ቤት መጠቀም፣ ከአልጋ ወደ ወንበር መሻገር፣ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር፣ መብላት። መንገድ ላይ መራመድ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። የካርቱምን ታሪክ ለሚመረምር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም በከተማዋ ለአካል ጉዳተኞች ከተሠራው ሥራ አብዛኛው ያነጣጠረው መራመድ ላይ ነበር።

አንገረብ የሚባለው የሱዳን አልጋ ከሁሉም ዕቃዎች በዕድሜ ይበልጣል። ጎንደር ወይም ወሎ ውስጥ የጠፍር አልጋ ያየ ሰው አንገረብ እንግዳ አይሆንበትም። አራት እግርና አራት ጋድም እንጨት አለው፤ በመካከሉ ጠፍር ወይም የተገመደ ገመድ ይጠላለፋል። ሰሜን ሱዳን ውስጥ በሦስተኛው የናይል ፏፏቴ አጠገብ የምትገኘው ከርማ የጥንቱ የኩሽ መንግሥት መዲና ነበረች። አሜሪካዊው አርኪዮሎጂስት ጆርጅ ራይስነር እ.ኤ.አ. ከ1913 እስከ 1916 በዚያ ሲቆፍር፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1750 እስከ 1500 ዓመት ገደማ የኖሩ ታላላቅ ሰዎች በአልጋ ላይ እንደተኙ ተቀብረው አገኘ። የአልጋዎቹ እግር የበሬ እግር መስሎ የተቀረጸ ሲሆን፣ በግርጌ ሳንቃቸው ላይ በዝሆን ጥርስ የተሠራ ጌጥ ነበረባቸው። የዛሬው አንገረብ የዚያ አልጋ ዝርያ ነው። ሙሽሮች ጅርትቅ በሚባለው ሥርዓት የሚቀመጡት በእሱ ላይ ነው፤ ሬሳም ወደ መቃብር የሚሄደው በእሱ ነው።

በሠርግና በቀብር መካከል ደግሞ ረጅም የሕመምና የእርጅና ዘመን አለ፤ አንገረቡ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመውም በዚያ ጊዜ ነው። ከፍታው ሰው ከዳር ተቀምጦ እግሩን መሬት ላይ እንዲያሳርፍ ይመቻል። ጋድም እንጨቱ ከጠፍሩ ትንሽ ከፍ ስለሚል ለመነሳት የሚታገል ሽማግሌ እጁን የሚያሳርፍበት መደገፊያ ይሆናል። ዛሬ በሆስፒታል አልጋ ዳር የሚገጠመው የብረት መያዣ ሥራውም ይኸው ነው። ጠፍሩ አየር ስለሚያሳልፍ ለወራት የተኛ ሰው ጀርባ በላብ አይርስም፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍባት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ውሃም ስለማይቋጥር በሽተኛውን ከተኛበት ሳያነሱ ማጠብ ይቻላል። ጠፍሩ ሲረግብ በግርጌው በኩል ያለውን ገመድ ስቦ ማጥበቅ ይበቃል። ከባድ ስላልሆነም ማታ ከክፍል ወደ ግቢ ይወጣል፤ ቤተሰቡ ደጅ ሲያድር በሽተኛው ለብቻው ቤት ውስጥ አይቀርም። ወደ ሐኪም ሲኬድ ደግሞ አራት ሰው ተሸክሞት ቃሬዛ ይሆናል። የኦምዱርማን ገበያ አናጺዎች ይህን ሁሉ ያሟላ ዕቃ ሲሠሩ የኖሩት ለአካል ጉዳተኛ ነው ብለው አይደለም። ለሁሉም የሚሆን ዕቃ ሲሠሩ ለደካማውም ሆነለት።

የምርኩዝ ዕድሜም ከዚህ አያንስም። በኮፐንሃገን ሙዚየም የሚገኝ፣ በጥንቷ ግብፅ በአዲሱ መንግሥት ዘመን የተቀረጸ አንድ የድንጋይ ሐውልት ሮማ የተባለ የበር ጠባቂ አንድ እግሩ ቀጥኖና አጥሮ፣ ረጅም ዘንግ ብብቱ ሥር አስገብቶ እንደቆመ ያሳያል። ብዙ ሐኪሞች ምስሉን የልጅነት ልምሻ ጥንታዊ ማስረጃ አድርገው ይወስዱታል። በናይል ዳር እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አንድ እግሩ የሰለለበት ልጅ የሚሰጠው ይኸው ዘንግ ነበር።

ለመታጠብ ደግሞ ኢብሪቅ አለ። ኢብሪቅ አንገቱ የቀጠነ፣ አፍንጫና እጀታ ያለው ማንቆርቆሪያ ነው፤ ቀድሞ ከቆርቆሮ ወይም ከመዳብ ይሠራ የነበረው ዛሬ በአብዛኛው ፕላስቲክ ሆኗል። በካርቱም ቤት ሁሉ መጸዳጃው ደጃፍ ላይ ይቀመጣል። ሙስሊም በቀን አምስት ጊዜ ለሚሰግደው ሶላት ፊቱን፣ እጁን እስከ ክርኑ፣ እግሩን እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሲያጥብ፣ ከመጸዳጃም ሲነሳ ኢብሪቅ በእጁ ነው። ለደካማ እጅ ከቧንቧ ይሻላል። ቧንቧ በጣት ካልተጠመዘዘ አይከፈትም፤ ኢብሪቅ ግን ዘንበል ካደረጉት ይፈሳል፤ ጣቱ የማይታጠፍለት ሰው እንኳ እጀታውን በእጁ አንጓ አንጠልጥሎ ሊጠቀምበት ይችላል። ከኢብሪቁ ጎን ባምበር የሚባለው በገመድ የተሠራ አጭር በርጩማ ይገኛል። የካርቱም ሻይ ሻጮች ደንበኛ የሚያስቀምጡበት ያው በርጩማ ቤት ውስጥ ለትጥበት ይቀርባል። ኢብሪቅ፣ ሳፋና ባምበር ሲገናኙ ቆሞ መታጠብ ያልቻለ ሰው የራሱ መታጠቢያ አለው።

ሃይማኖቱም ለአቅመ ደካማ ቦታ ትቷል። መቆም ያልቻለ ተቀምጦ፣ መቀመጥ ያልቻለ በጎኑ ተኝቶ መስገድ ይፈቀድለታል። ውሃ መንካት የማይችል በንጹሕ አፈር ተየሙም ያደርጋል። ይሁን እንጂ መፈቀዱ ብቻውን ፍላጎትን አያጠፋም፤ እግሩ የተቆረጠ ሰው እንደ ወትሮው ታጥቦ ከጎረቤቱ ጎን ቆሞ መስገድ ይፈልጋል። ወርክሾፑ በኋላ የገጠመው ጥያቄ ይኸው ነው።

ካርቱም እንደ ከተማ የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1821 የግብፁ ገዢ የመሐመድ ዓሊ ጦር ነጭና ጥቁር ዓባይ በሚገናኙበት ስፍራ ሲሰፍር ነው። በ1885 በሃይማኖታዊው መሪ በማህዲ ተከታዮች እጅ ወደቀች፤ ዋና ከተማውም ወደ ኦምዱርማን ተዛወረ። በ1898 እንግሊዞች መልሰው ያዟት። የእንግሊዝ አስተዳደር ያቋቋማቸው ተቋማት፣ በ1903 የተከፈተው የዌልካም የሐሩር በሽታዎች ላቦራቶሪና በ1924 የተከፈተው የኪችነር የሕክምና ትምህርት ቤት፣ ትኩረታቸው ወረርሽኝ ላይ ነበር። ወባ፣ ቢልሃርዚያና የእንቅልፍ በሽታ ሠራዊትና የጥጥ እርሻ ሠራተኛ ስለሚጨርሱ ገንዘብ አገኙ። ከበሽታው ተርፎ አካሉ የጎደለ ሰው ግን ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ የጠበቀውም አንገረቡ ነበር።

በካርቱም ዙሪያ እግር ከሚያሳጡ ነገሮች አንዱ ከእሾህ ጋር የተያያዘ ነው። ማይሴቶማ የሚባለው በሽታ በአብዛኛው ፈንገስ የሚያመጣው ሲሆን፣ ባዶ እግሩን በሚሄድ ገበሬ ወይም እረኛ ቆዳ ውስጥ በግራር እሾህ በኩል እንደሚገባ ይታመናል። ሕመም ስለሌለው ታማሚው ለዓመታት ችላ ይለዋል። እግሩ እያበጠ፣ እየቆሰለና ጥቁር ፍሬ እያወጣ ይሄዳል፤ ሐኪም ዘንድ ሲደርስ ፈንገሱ አጥንት ውስጥ ገብቶ እግሩ መቆረጥ ሊኖርበት ይችላል። በሽታው እጅግ ከተስፋፋባቸው አገሮች ግንባር ቀደሟ ሱዳን ናት። በካርቱም ዩኒቨርሲቲ ሥር በሶባ ሆስፒታል የማይሴቶማ ምርምር ማዕከል በ1991 ተቋቋመ። በፕሮፌሰር አሕመድ ሐሰን ፋሐል የሚመራው ይህ ማዕከል በዓለም ስሙ የታወቀ ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር በሽታዎች መዝገብ ያስገባው በ2016 ነው። በከተማዋ ውስጥ ደግሞ ስኳር በሽታ እግር ማስቆረጡ እየበዛ ሄዷል፤ የጃቢር አቡ ዒዝ የስኳር ሕክምና ማዕከል የቁስል ሕክምና ከዋና ሥራዎቹ አንዱ ነበር።

የልጅነት ልምሻ ሌላው ነው። ክትባት ብዙ ቢያስቀረውም በ2004 ቫይረሱ ከምዕራብ አፍሪካ ወደ ሱዳን ተመልሶ ገባ፤ ከሱዳንም ድንበር ተሻግሮ ኢትዮጵያ ደረሰ። ከዚያ በፊት በልምሻ እግራቸው የሰለለባቸው ሰዎች በእጅ በሚዘወር ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት የካርቱምን ገበያዎች ሲያቋርጡ ይታዩ ነበር። ከብረት ቱቦና ከተራ የብስክሌት ጎማ የተሠራውን ይህን ብስክሌት የሰፈር በያጅ ሊጠግነው ስለሚችል፣ ከውጭ ከሚመጣ ዊልቸር ይልቅ ለአሸዋማው ጎዳና የተስማማ ነበር። የመጸዳጃ ቤት በር ላይ ሲደረስ ግን ብስክሌቱ ውጭ ይቀራል፤ ባለቤቱም መሬት ላይ በእጁ እየተሳበ ይገባል።

ብዙ ሰው አካል ያሳጣው ሌላው ነገር ጦርነት ነው። ከ1955 እስከ 1972 የዘለቀው የመጀመሪያው የእርስ በርስ ጦርነት በአዲስ አበባ ስምምነት ቆመ፤ በ1983 እንደገና ፈንድቶ እስከ 2005 ዘለቀ። በዚያው በ1983 መስከረም ፕሬዚዳንት ጃዕፈር ኒሜሪ የሸሪዓ ቅጣቶችን አወጁ፤ ከሥልጣን እስከ ወደቁበት እስከ 1985 ሚያዝያ ድረስ በኮበር እስር ቤት በሌብነት የተፈረደባቸው በርካታ ሰዎች ቀኝ እጃቸው ተቆረጠ፤ የአንዳንዶቹ ግራ እግር ተጨመረ። ይህ ቅጣት ራስን ከመንከባከብ አንጻር ሲታይ ጭካኔው ይብሳል። በሱዳን ልማድ ቀኝ እጅ ለምግብ፣ ግራ እጅ ለንጽሕና ነው፤ የምግብ ሳህኑ አንድ፣ በላተኛው ብዙ ነው። ቀኙን ያጣ ሰው በአንድ እጁ ሁለቱንም ሥራ ለመሥራት ይገደዳል፤ ከጋራ ማዕድ መገለልም ይከተለዋል። ለእግር የሚተካ ነገር ሲገኝ፣ ጣት ለሚጠይቀው ለዚህ ሥራ የሚበቃ ሰው ሠራሽ እጅ ግን አልተገኘም። ወርክሾፖች የሚሰጡት ለዓይን የሚሞላ የፕላስቲክ እጅ ወይም የብረት መንጠቆ ነው።

የዘመናዊው ወርክሾፕ ታሪክ የሚጀምረው በዚህ ዘመን ነው። የቀይ መስቀል ዓለም አቀፍ ኮሚቴ የአካል ተሃድሶ ፕሮግራሙን ያቋቋመው በ1979 ሲሆን፣ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሱዳን ውስጥ መሥራት ያዘ። ያኔ በኤርትራና በትግራይ ጦርነት የቆሰሉ ሰዎች ድንበሩን ተሻግረው ወደ ከሰላና ወደ ካርቱም ይመጡ ነበር። በካርቱም ሥራውን የያዘው የመንግሥት ተቋም የሰው ሠራሽ አካልና የአካል ድጋፍ ብሔራዊ ባለሥልጣን ነው፤ በኋላ ከሰላን፣ ዳማዚንን፣ ካዱግሊንና ኒያላን በመሳሰሉ ከተሞች ቅርንጫፎች ነበሩት። ለአካል ጉዳተኛ ሕጻናት ደግሞ የካርቱም ቼሻየር ቤት ነበር። የቼሻየር ቤቶች እንግሊዛዊው ሌናርድ ቼሻየር በ1948 በጀመረው ሥራ የተነሡ ሲሆኑ፣ በኢትዮጵያም የመናገሻው በ1962 ተከፍቷል።

ቀድሞ ሰው ሠራሽ እግር ከእንጨትና ከቆዳ ይሠራ ነበር፤ ክብደቱ ያደክማል፣ ቆዳውም ላብና ውሃ ይጠጣል። የቀይ መስቀል ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ፖሊፕሮፒሊን በተባለው ፕላስቲክ ላይ የተመሠረተ ርካሽ አሠራር አዳበረ፤ ለዚህም በ2004 በሙያው ዓለም አቀፍ ማኅበር ተሸልሟል። አሠራሩ እንዲህ ነው። የቀረውን የእግር ክፍል በጄሶ ፋሻ ጠቅልለው ቅርጹን ይወስዳሉ፤ በቅርጹ ውስጥ ጄሶ አፍስሰው የእግሩን አምሳል ያወጣሉ። ባለሙያው አምሳሉን በሞረድ ያስተካክላል፦ ሸክም ሊችል በሚችለው ቦታ ይቀንሳል፣ አጥንት በሚወጣበት ቦታ ይጨምራል። ከዚያ የፕላስቲኩ ሉህ በምድጃ ውስጥ ወደ 180 ዲግሪ ሲሞቅ ቀለሙ እየሳሳ ሄዶ እንደ መስታወት ያሳልፋል። ያን ጊዜ ሁለት ሰው በወፍራም ጓንት ይዘው አምሳሉ ላይ ያለብሱታል፤ ፓምፕ አየሩን ሲመጥጠው ከአምሳሉ ጋር ይጣበቃል። ሲቀዘቅዝ ጄሶው ተሰብሮ ይወጣል። ውጤቱ ቀላል፣ ውሃ የማይፈራ፣ ሲሰነጠቅም የሚጠገን እግር ነው። ሕጻን ግን ስለሚያድግ በየዓመቱ፣ አንዳንዴም ከዚያ ቀድሞ፣ አዲስ ይሠራለታል፤ ሕክምናው ከማዕከሉ ጋር ዕድሜ ልክ የሚቆይ ዝምድና የሚፈልገው ለዚህ ነው።

እግሩ ግን በወንበር ለሚቀመጥና ጫማ ለሚያደርግ ሰው የታሰበ ነበር። ቁጢጥ የሚሉበት መጸዳጃና ባዶ እግር የሚገቡበት መስገጃ ሌላ ነገር ይጠይቃሉ። ሕንድ ይህን ቀድማ ተረድታለች፦ ዶክተር ፒ. ኬ. ሴቲና የእጅ ጥበብ ባለሙያው ራም ቻንድራ ሻርማ በ1968 ጃይፑር ውስጥ ቁጢጥ ለማለትና ያለ ጫማ ለመሄድ የሚሆን የጎማ እግር ሠርተዋል። ጉልበቱ የተረፈለት ሰው በሌላ እግርም መስገድ ይችል ይሆናል፤ ቁጢጥ ሲል ግን የማስገቢያው (የቀረው የእግር ክፍል የሚገባበት ቦታ) ጠርዝ ከጉልበቱ ኋላ ይቆነጥጠዋል። ከጉልበት በላይ የተቆረጠበት ሰው የሰው ሠራሹን ጉልበት መቆለፊያ ፈትቶ፣ ግድግዳ ወይም ገመድ ይዞ ካልሆነ ወርዶ መነሳት አይችልም። የካርቱም ሙቀትም አለ፦ ላብ ማስገቢያው ውስጥ ይጠራቀማል፣ ቆዳው ይላጣል፣ ባለቤቱም ቤቱ እንደገባ ያወልቀዋል።

ወርክሾፑ ያልመለሰው ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ይታያል። ሰው ሠራሽ እግር የውጭ ዕቃ ነው፤ ለሥራ፣ ለገበያ፣ ለመስጊድ። ሰው ሲተኛ፣ ሌሊት ለሽንት ሲነሳና ገላውን ሲታጠብ እግሩ ወልቋል። ካትዝ ከዘረዘሯቸው ስድስት ሥራዎች አብዛኞቹ የሚፈጸሙት እግሩ ከግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ሳለ ነው። ለዚያ ሰዓት የተሰጠው ክራንች ብቻ ሲሆን፣ እሱም እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ይንሸራተታል። የመታጠቢያ ወንበር፣ ከበላዩ የሚቀመጡበት የመጸዳጃ ወንበርና የግድግዳ መያዣ ብረት ለለጋሽ የሚታይ ፎቶግራፍ አይወጣቸውም፤ ችላ የተባሉትም በዚህ ምክንያት ይመስላል። ቤተሰቡ ግን አልጠበቀም፦ የፕላስቲክ ወንበር መቀመጫ በጋለ ብረት ተበስቶ መጸዳጃው ላይ ይደረጋል፤ ከአልጋ እስከ ደጃፍ ገመድ ይወጠራል።

አዲስ አበባ ከካርቱም ቀድማ አንድ ትምህርት ነበራት። በዘነበወርቅ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ቦታ ላይ በ1965 የተቋቋመው አለርት ከመላ አፍሪካ ለሚመጡ ባለሙያዎች ማሠልጠኛ ነበር። ሥጋ ደዌ የእጅን ስሜት ስለሚያጠፋ በሽተኛው ትኩስ ኩባያ ሲይዝ እየተቃጠለ አይታወቀውም። ስለዚህ በሥጋ ደዌ ተሃድሶ የማንኪያው እጀታ በጨርቅ ወይም በጎማ ይወፍራል፣ ኩባያው የእንጨት እጀታ ይገጠምለታል፣ ለእግሩ ለስላሳ ጎማ የተነጠፈበት ጫማ ይሠራለታል። ዋጋቸው ኢምንት የሆነ እነዚህ ለውጦች ሰውን በገዛ እጁ ያበላሉ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ደግሞ የቀይ መስቀል ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ያቋቋመው የአካል ጉዳተኞች ልዩ ፈንድ አዲስ አበባ ውስጥ ለአፍሪካ ሰው ሠራሽ አካል ባለሙያዎች ማሠልጠኛ ከፈተ።

ኢትዮጵያውያን በካርቱም ታሪክ ውስጥ በሌላ በርም ይገባሉ። በዴምና በጀሪፍ ሰፈሮች ይኖሩ የነበሩ ብዙ ኢትዮጵያውያት በሰው ቤት ሠራተኝነት ተቀጥረው አቅመ ደካሞችን አንስተዋል፣ አጥበዋል፣ አብልተዋል። ደጋፊ ዕቃ ባልነበረበት ቤት የዕቃውን ቦታ የያዘው የእነሱ ጉልበት ነበር። ሁለት ሰው የሚያስፈልገውን ሽማግሌ አንዲት ሴት ብቻዋን ስታነሳ ወገቧ እንደሚጎዳ የታወቀ ነው፤ በማንም መዝገብ ግን አልሰፈረም። ደህና የመታጠቢያ ወንበር ለሁለቱም ነጻነት በሰጠ ነበር።

ሱዳን የአካል ጉዳተኞች መብት ኮንቬንሽንን በ2009፣ ኢትዮጵያ በ2010 አጽድቀዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ባወጣው 50 ቅድሚያ የሚሰጣቸው ደጋፊ ዕቃዎች ዝርዝር የመታጠቢያ ወንበር፣ የመጸዳጃ ወንበርና የግድግዳ መያዣ ከሰው ሠራሽ እግር እኩል ተመዝግበዋል። ድርጅቱና ዩኒሴፍ በ2022 ባወጡት ሪፖርት በዓለም ከ2.5 ቢሊዮን በላይ ሰው ቢያንስ አንድ ደጋፊ ዕቃ ያስፈልገዋል፤ ወደ 1 ቢሊዮን የሚጠጋው አያገኝም።

ሚያዝያ 15 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. በካርቱም ጦርነት ተጀመረ። አብዛኞቹ ሆስፒታሎች ሥራ አቆሙ፤ የማይሴቶማ ምርምር ማዕከል ለዐሥርት ዓመታት ከሰበሰበው መረጃ ጋር ወደመ። ሚሊዮኖች ወደ ከሰላ፣ ወደ ገዳሪፍ፣ ወደ ፖርት ሱዳን፣ ብዙዎችም በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ተሰደዱ። የሱዳን ጦር ከተማዋን በ2025 መጋቢት መልሶ ሲይዝ ጦርነቱ እግርና እጅ ያሳጣቸው አዲስ ሰዎች ከድሮዎቹ ጋር ተደምረው ነበር። የሰው ሠራሽ እግር ወርክሾፕን መልሶ ማቆም ምድጃ፣ ከውጭ የሚመጣ ፕላስቲክና ዓመታት የሚፈጅ ሥልጠና ይጠይቃል፤ መደረግም አለበት። የመታጠቢያና የመጸዳጃ ወንበር ግን እንጨት፣ ገመድና አንገረብ መሥራት የሚያውቅ አናጺ ካለ በአንድ ቀን ይሠራል፤ ካርቱምን መልሰው የሚገነቡ ሰዎችም ለዚህ ሥራ ለጋሽ መጠበቅ የለባቸውም።